ስሙን ደብቆ የጀመረው ሰው

በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጣሊያን ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ አንድ የካውቦይ ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ። «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» ይባላል። መግቢያው ላይ ዳይሬክተሩ ቦብ ሮበርትሰን፣ የሙዚቃው ደራሲ ደግሞ ዳን ሳቪዮ እንደሆኑ ይነበባል። ሁለቱም በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ናቸው። ቦብ ሮበርትሰን የተባለው የሮሙ ልጅ ሰርጂዮ ሊዮኒ ነው። ዳን ሳቪዮ ደግሞ ኤኒዮ ሞሪኮኔ።

ጣሊያን የሠራውን የካውቦይ ፊልም ማን ያያል ተብሎ ስለሚሰጋ፣ ያኔ የአሜሪካ ስም መለጠፍ የተለመደ ነበር። ለሞሪኮኔ ግን ስም መደበቁ ሌላም ጥቅም ነበረው ብዬ አምናለሁ። የተማረው ትልቅ ቦታ ነው። አስተማሪው እና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ለፊልም ሙዚቃ መጻፍን እንደ ውርደት የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እሱም ራሱ ለረጅም ዓመታት እንደዚያ ያይ ነበር።

ስለ ሞሪኮኔ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህ ነገር ላይ ነው። የሚያፍርበትን ሥራ አንድም ቀን በግዴለሽነት አልሠራም። የሚያውቀውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ጨመረ።

እኔ የምተዳደረው በቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴ አጭር ፊልም። ቀኑን ሙሉ ምስል ሥር ሙዚቃ ሳስገባ፣ ሳወጣ፣ ስቆርጥ ነው የምውለው። የሞሪኮኔን ሥራ እንደ አድማጭ ብቻ ሳይሆን በዚህ በኩልም ስለማየው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ፉጨት የሰውየው ትንሹ ክፍል እንደሆነ ይሰማኛል። ከ400 በላይ ለሚሆኑ የሲኒማ እና የቴሌቪዥን ሥራዎች ሙዚቃ ጽፏል። የካውቦይ ፊልሞቹ ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ጋዜጠኞች ስለ እነሱ ብቻ ሲጠይቁት ይሰለቸው ነበር። አልፈርድበትም።

የተወለደው በ1928 ሮም ውስጥ ነው። አባቱ ማሪዮ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። ቤተሰቡን የሚያኖረው በሱ ነው። ልጁንም ያንኑ መሣሪያ አስያዘው። ኤኒዮ ገና ልጅ ሳለ ሳንታ ቼቺሊያ የሚባለው የሮም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ጦርነት መጣ። አባቱ ሲታመም እሱ በአባቱ ቦታ ገብቶ በየምሽት ቤቱ ይነፋ ነበር። መጀመሪያ ጀርመኖቹ፣ በኋላ አሜሪካኖቹ ከተማዋን ሲይዙ ወታደሮች በሚዝናኑበት ቦታ ተጫውቷል። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በምግብ ነበር። ትራምፔት ነፍቶ ዳቦ ማግኘት ለዚያ ልጅ ኩራት አልሆነለትም። በኋላ ዘመን ሲናገረውም ቅሬታው አልወጣለትም ነበር።

የተከበረ የሙዚቃ ደራሲ የመሆን ፍላጎቱ ሥሩ እዚያ ይመስለኛል። ጎፍሬዶ ፔትራሲ ዘንድ ተማረ። ፔትራሲ በዘመኑ ከጣሊያን ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ ነው። በ1954 ተመረቀ። ተመርቆ ግን ሥራ የለም። በ1956 ማሪያ ትራቪያን አገባ፤ ልጅ ተወለደ፤ ቤት ኪራይ አለ። በ1958 ራይ የሚባለው የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቀጠረው። በመጀመሪያው ቀን፣ የድርጅቱ ሠራተኛ የጻፈው ሙዚቃ በድርጅቱ እንደማይተላለፍ ነገሩት። በዚያው ቀን ለቀቀ። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ቋሚ ደመወዝ ጥሎ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ያዳነው አርሲኤ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ነው። ለዘፋኞች ሙዚቃ ማቀናበር ጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ዘፈኑ አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ከሥር የሚያጅብ ነገር መጻፍ ነው። እሱ ግን እዚያ ውስጥ የማይጠበቅ ነገር መክተት ያዘ። በ1960 ጃኒ ሜቻ ስለ ቆርቆሮ ጣሳ ሲዘፍን፣ ሞሪኮኔ እውነተኛ ጣሳ ሲንከባለል ቀድቶ ዘፈኑ ውስጥ አስገባው። በ1966 ደግሞ ሚና ለምትባለው ጣሊያናዊት ዘፋኝ «ሴ ቴሌፎናንዶ» የሚለውን ዘፈን ጻፈላት። የዜማው መነሻ ማርሴይ ከተማ የሰማው የፖሊስ ሳይረን ነው። ሦስት ድምፅ ብቻ እየተሽከረከረች፣ ምቱ ግን በየዙሩ ሌላዋ ላይ እያረፈ ይሄዳል። የሳንታ ቼቺሊያ ትምህርት በሬዲዮ ዘፈን ውስጥ ተደብቆ ማለት ይሄ ነው። አድማጩ አያውቅም፤ ግን ዘፈኑ አይሰለቸውም።

ሊዮኒ ቤቱ የመጣው ለዚያ የ1964 ፊልም ሙዚቃ ፍለጋ ነው። ሞሪኮኔ ፊቱን ሲያይ አወቀው። አንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል ተምረዋል፤ አብረው የተነሱት የክፍል ፎቶግራፍም አለ። ሞሪኮኔ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ያቀናበረውን አንድ ሙዚቃ አሰማው። ጅራፍ ይጮኻል፣ ደወል ይመታል። ሊዮኒ ዘፋኙ እንዲወጣ፣ ማጀቢያው ግን እንዲቀር ፈለገ። በዘፋኙ ቦታ ፉጨት ገባ። ያፏጨው አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ነው፤ የሞሪኮኔ የልጅነት ወዳጅ፣ ጊታሪስትም የመዘምራን መሪም።

ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። የሆሊውድ የካውቦይ ፊልም ሙዚቃ ያኔ ሰፊ ሜዳ የሚያሳይ፣ በቫዮሊን የተሞላ ነበር። እሱ በፉጨት፣ በጅራፍ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በወንዶች ጩኸት ተካው። ጅራፉን ስሰማ የሚመጣብኝ የቡሄ ሰሞን ነው። የሰፈር ልጆች ሜዳ ላይ ሲያጮኹት፣ ከድምፁ በኋላ ያለችው ዝምታ ጆሮን ቀጥ ታደርገዋለች። ሞሪኮኔም የሚጠቀመው በዚያች ዝምታ ነው። ጅራፉ ይጮኻል፣ ከዚያ ለአፍታ ባዶ ነው፣ ከዚያ ፉጨቱ ይገባል።

በ1966 «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» መጣ። የመክፈቻው ዜማ ተኩላ መሰል የዱር አውሬ ሲያላዝን የሚመስል ነው። አጭር ነው፤ ሁለት ድምፅ እየተፈራረቀ። ያንኑ ዜማ ለሦስቱም ሰዎች ሰጣቸው። ደጉን በዋሽንት መሰል ፍሉት፣ ክፉውን ከሸክላ በተሠራች ኦካሪና፣ መልከ ጥፉውን በሰው ድምፅ። ሦስቱም ለአንድ ወርቅ የሚሮጡ፣ አንዱ ከሌላው ብዙም የማይሻል ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ይህን በንግግር አይነግረንም። ሙዚቃው ግን ገና ከመጀመሪያው ነግሮናል።

መልከ ጥፉው፣ ቱኮ፣ መቃብሩን ፍለጋ የሚሮጥበትን ቦታ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰውየው በሺህ በሚቆጠሩ መቃብሮች መሃል ይሮጣል። ካሜራው አብሮት ይሽከረከራል፣ ይፈጥናል። ንግግር የለም። ከዚያ ዘፋኟ ኤዳ ዴሎርሶ ቃል በሌለው ድምፅ ትገባለች። አንድ ሌባ ወርቅ ፍለጋ እየሮጠ ነው እኮ፤ ሌላ ምንም የለም። ሙዚቃው ግን ያንን ስግብግብነት እንደ ጸሎት ከፍ ያደርገዋል። ሙዚቃውን አጥፍቼ አይቼው አውቃለሁ። አንድ ሰው ሲሮጥ ብቻ ነው የሚታየው፤ ደግሞም ረዝሟል። ይህን ሙዚቃ ሜታሊካ የሚባለው የሮክ ባንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኮንሰርቱን መክፈቻ አድርጎታል።

ከሁሉም በላይ እንደ ኤዲተር የሚያስቀናኝ ግን የ1968ቱ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው። የዚህ ፊልም ዋና ዋና ዜማዎች የተጻፉት ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሊዮኒ ሙዚቃውን ቀረጻው ቦታ ላይ እያጫወተ ነበር የሚቀርጸው። ተዋናዮቹ የሚራመዱት፣ ካሜራው የሚነሳው በሙዚቃው ልክ ነው። ክላውዲያ ካርዲናሌ ከባቡር ወርዳ የሚቀበላት ሰው ታጣለች። ወደ ጣቢያው ቢሮ ትገባለች፣ እኛ በመስኮት ከውጭ እናያታለን። ከዚያ ካሜራው በጣራው ላይ ቀስ ብሎ ይነሳና ከተማዋ በሙሉ ትዘረጋለች። የኤዳ ድምፅም አብሮ ይወጣል። ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ ያለ መገጣጠም መፍጠር አይቻልም። ሙዚቃው ቀድሞ ስለነበረ ነው የሆነው።

ደግሞ የዚያው ፊልም መክፈቻ አለ። ሦስት ወሮበሎች ባቡር ይጠብቃሉ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ሙዚቃ የለም። የዛገ የንፋስ መዘውር ይንጫጫል፣ ውሃ ባርኔጣ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ዝንብ አንዱ ሰውዬ ፊት ላይ ትዞራለች። የዚህ ሐሳብ ምንጭም ሞሪኮኔ ራሱ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ ባየው ኮንሰርት አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ መሰላል ብቻ እያንቋቋ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበር። ሞሪኮኔ ይህን ለሊዮኒ አጫወተው። ማንኛውም ድምፅ ከቦታው ተነጥሎ በዝምታ መሃል ሲሰማ ሙዚቃ ይሆናል የሚል እምነት ነበረው። በዚያው ዘመን ኑዎቫ ኮንሶናንሳ በሚባል የሙከራ ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ትራምፔት ይጫወት ነበር። ቀን ቀን ለሲኒማ ይጽፋል፤ ከነዚያ ሰዎች ጋር ሲሆን ደግሞ ትራምፔቱን ያስጮኸዋል፣ ያሳስለዋል፣ ዜማ የሚባል ነገር አያስጠጋም። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ይመስላሉ። ያ የባቡር ጣቢያ ላይ ግን ተገናኝተዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሥራ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በኛ ፊልሞች ውስጥ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘቡ ካለቀ፣ የምረቃው ቀን ከደረሰ በኋላ። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነጠፋል። እናት ስታለቅስ ፒያኖ፣ ልጅ ሲሮጥ ከበሮ። ተዋናይዋ በዓይኗ የተናገረችውን ሙዚቃው ይደግምባታል። እኔም ደንበኛ ሲያዘኝ ይህንኑ እሠራለሁ፤ እንጀራ ነው። ግን ሞሪኮኔም ጀማሪ ሳለ ከኛ ብዙም ያልተሻለ ገንዘብ ነበር የሚሰጠው። ዝምታ ደግሞ በነፃ ነው። ማፏጨት የሚችል ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። ሙዚቀኛውን ስክሪፕቱ ሲጻፍ ጠርቶ ማነጋገርም ብዙ ብር አይጠይቅም።

«የአልጀርስ ውጊያ» የሚባለው ፊልም የተሠራውም በ1966 ነው። ዳይሬክተሩ ጂሎ ፖንቴኮርቮ ሙዚቃውንም አብሮ መጻፍ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ያገኘውን ዜማ እያፏጨ የሞሪኮኔን ደረጃ ወጣ። ሞሪኮኔ ከውስጥ ሆኖ ሰማና በኖታ ጻፈው። ፖንቴኮርቮ ሲገባ፣ እኔም አንድ ነገር አለኝ ብሎ ያንኑ ዜማ ተጫወተለት። ሰውየው ደነገጠ፤ ሁለት ሰው እንዴት አንድ ዜማ ያስባል? ሞሪኮኔ ምስጢሩን ያወጣው ፊልሙ ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳ ሲሸለም ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ የአልጄሪያውያን ቤት በሌሊት ፈንድቶ ሬሳ ሲወጣ አንድ ሐዘን የተሞላ ሙዚቃ ይሰማል። በኋላ የፈረንሳዮቹ ካፌ በቦምብ ሲጋይም ያው ሙዚቃ ይመለሳል። ለሁለቱም ሙታን አንድ ሐዘን። ሞሪኮኔ ያደገው ሙሶሎኒ በሚገዛት ሮም ነው። የሱ አገር ጦር አገራችንን ሲወር ሰባት ዓመት ገደማ ነበረው። ከዚያ አገር የወጡ ሁለት ጣሊያኖች፣ ቅኝ ተገዢዎች ለነፃነት ስለተነሱበት ትግል እንዲህ ያለ ሥራ መሥራታቸው ለኛ ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በሙያው ውስጥ የነበረው ቁስል ግን አልዳነም። ሙዚቃን ለሁለት ከፍሎ ነበር የሚያየው። አንደኛው ለራሱ ብቻ የሚኖር ሙዚቃ፣ ሌላው ለምስል የሚያገለግል። ኮንሰርት ላይ የሚቀርቡ ከመቶ በላይ ሥራዎች ጽፏል። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ አክብሮት ግን ለረጅም ጊዜ አልመጣም። በ1984 «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» ከወጣ በኋላ ከነሱ አንዱ፣ ቦሪስ ፖሬና፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈለት። ይህን ታሪክ ጁዜፔ ቶርናቶሬ በ2021 ስለ ሞሪኮኔ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ፖሬና ራሱ ይናገረዋል። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ያን ፊልም ሰምቶ ባይጽፍ ነበር የሚገርመኝ። ዲቦራ የምትባለውን ሴት የሚከተለው ዜማ በጣም በዝግታ ነው የሚሄደው። በመሃል ሊቆም የደረሰ ይመስላል። ሰው ሕይወቱን ሙሉ ያጣትን ሴት ሲያስብ በዚያ ፍጥነት ነው የሚያስባት።

ያ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያጋጠመው ነገር ደግሞ ያናድዳል። ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋውን ፊልም አከፋፋዮቹ ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ቆረጡት። ሲቆርጡ የሞሪኮኔ ስም ከመግቢያው ወጣ። ስሙ ስለሌለ ለኦስካር መወዳደር አልቻለም። በ1964 ሌላ ስም ለጥፎ የጀመረ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስሙ የሚገባው ቦታ ላይ ጠፋ።

ሆሊውድ ሄዶ አልኖረም። ጋብዘውታል፤ ቤት ሊሰጡትም ፈልገው ነበር። ከሮም አልነቃነቅም አለ። እንግሊዝኛም አልተማረም። ማለዳ ይነሳል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ኖታውን በእጁ ይጽፋል። ፒያኖ እየነካካ አይፈልግም፤ በጭንቅላቱ ይሰማና ይጽፋል። ብዙ የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ዜማውን ጽፈው ለኦርኬስትራ የማከፋፈሉን ሥራ ለሌላ ይሰጣሉ። እሱ የያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ ራሱ ካልጻፈው የኔ ነው አይልም ነበር። ዜማዎቹን ደግሞ መጀመሪያ የምትሰማው ማሪያ ነች። ሙዚቃ አልተማረችም። ለዚህም ነው የሚያምናት፤ ሲኒማ ቤት የሚገባው ሕዝብ የሷ ዓይነት ጆሮ ነው ያለው። ዳይሬክተሮች ደካማውን ዜማ እየመረጡ ሲያስቸግሩት፣ እሷ ያለፈችውን ብቻ ማሳየት ጀመረ።

ኦስካርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በ2007 የክብር ሽልማት ሰጡት። ክሊንት ኢስትዉድ አጠገቡ ቆሞ ጣሊያንኛውን ተረጎመለት፤ እሱም ሽልማቱን ለማሪያ አበረከተላት። በውድድር ያሸነፈው በ2016 ነው፣ በ87 ዓመቱ፣ በታራንቲኖ «ዘ ሄይትፉል ኤይት»። ጥሩ ሙዚቃ ነው። ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ያ ተመርጦ መሸለሙ አይዋጥልኝም። ሽልማቱ የሚገባው በ1986 ለወጣው «ዘ ሚሽን» ነበር። በዚያ ዓመት ያሸነፈው «ራውንድ ሚድናይት» ብዙው ክፍሉ ቀድሞ የነበረ የጃዝ ሙዚቃ ነው። ሞሪኮኔ ይህን እስኪያረጅ ድረስ አልረሳውም።

ሐምሌ 6 ቀን 2020 ሮም ውስጥ አረፈ። 91 ዓመቱ ነበር። የሞቱን ዜና ራሱ ጽፎ ነበር የተወው። «እኔ ኤኒዮ ሞሪኮኔ ሞቻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሰው ማስቸገር ስላልፈለገ ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ እንዲሆን ጠየቀ። ወዳጆቹንና ልጆቹን ተሰናበተ። ከሁሉ የከበደውን ስንብት ለማሪያ አስቀመጠው።

«ዘ ሚሽን»ን መጨረሻ ያደረግኩት የምወደው ስለሆነ ነው። ዳይሬክተሩ ሮላንድ ጆፌ ፊልሙን ሲያሳየው ሞሪኮኔ አለቀሰ፤ ሙዚቃ አያስፈልገውም ብሎም እምቢ አለ። በኋላ ግን ተቀበለ። ታሪኩ በ1750 ገደማ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ነው። አንድ ካህን ወደ ጓራኒ ሕዝብ ይሄዳል። ቋንቋቸውን አያውቅም። ጫካው መሃል ተቀምጦ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ያወጣና ይነፋል። ቀረጻው አልቋል። ተዋናዩ ጄረሚ አይረንስ ጣቶቹን እንደመጣለት አንቀሳቅሷል። ሞሪኮኔ ዜማውን ለነዚያ ጣቶች እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ነበረበት። የመጀመሪያው እስር ይሄ ነው። ሁለተኛው፣ ካህናቱ ከአውሮፓ ይዘውት የሚመጡት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የዚያን ዘመን ሥርዓት መጠበቅ አለበት። ሦስተኛው ጓራኒዎቹ ናቸው፤ እነሱም የራሳቸው ምትና ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

ሦስቱንም ለየብቻ ጻፋቸው። ከዚያ «በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር» በሚል ርዕስ ባለው ክፍል አንድ ላይ አስገባቸው። ከበሮው እና የጓራኒዎቹ ምት ከሥር ይመታል። መዘምራኑ በላዩ ይቆማሉ። ኦቦው በመሃል ያልፋል። አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም፣ አንዱም ለሌላው ብሎ ድምፁን አይቀንስም። በፊልሙ ውስጥ እነዚያ ሰዎች አብረው መኖር አልተፈቀደላቸውም፤ መንግሥታት ተስማምተው ያጠፏቸዋል። አብረው የቆዩት ሙዚቃው ውስጥ ብቻ ነው። ፔትራሲ ዘንድ የተማረውን፣ አርሲኤ ስቱዲዮ ውስጥ በጣሳ የጀመረውን፣ ሲኒማ ቤት ለሚገባ ተራ ሰው ያለውን አክብሮት አንድ ቦታ ላይ የማገኘው እዚህ ነው። ለምስል የሚያገለግል ሙዚቃ ከሌላው ያንሳል የሚል ሰው ካጋጠመኝ የማሰማው ይሄንን ነው። ከዚያ በኋላ የሚከራከረኝ ካለ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።